ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የባሌ ደጋ፤ የንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ከቤተ መንግሥት እስከ ገበሬው ማሳ

የአገር መሪ የሚሰጠው ትእዛዝ በዋና ከተማው ሲነበብና በገጠር ሲፈጸም አንድ ዓይነት መልክ አይኖረውም። በዋና ከተማው ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያለው ጽሑፍ ነው። ከዚያ ወጥቶ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ እያለፈ ከገበሬው ደጅ ሲደርስ ግን የለካው፣ የተረጐመውና ያስፈጸመው ሰው ሁሉ አሻራውን አሳርፎበት ይገኛል። በመሆኑም አንድን መሪ በትእዛዞቹ ለመመዘን የሚፈልግ ሰው፣ ጽሑፉን ከማንበብ አልፎ ጽሑፉ የደረሰበትን ቦታ መመልከት ይኖርበታል።

በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የበለጠ በአዋጅ፣ በድንጋጌና በትእዛዝ አገርን ለመለወጥ የሞከረ ንጉሥ አልነበረም። እነዚህ ሕጎች የደረሱበት ቦታ ሁሉ ታሪኩን ቢናገርም፣ የባሌ ደጋና ዙሪያው የሚሰጠው ምስክርነት በተለይ ጐልቶ ይታያል። የገብስና የስንዴ ማሳ የተንጣለለበት የሮቤ ሜዳ፣ የጠቅላይ ግዛቱ ርእሰ ከተማ የነበረችው ጎባ፣ ከበላይዋም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተዘረጋው የሳነቴ አምባ የንጉሠ ነገሥቱን ብዕር መልካሙንም ክፉውንም ውጤት አይተዋል።

የአስተዳደር ትምህርት

ተፈሪ መኰንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። አባታቸው ራስ መኰንን የዳግማዊ ምኒልክ የቅርብ ዘመድና የሐረር ገዢ ነበሩ። ልጅ ተፈሪ ገና በአሥራ ሦስት ዓመታቸው የደጃዝማችነት ማዕረግ አገኙ። አባታቸው መጋቢት 13 ቀን 1898 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ጥቂት ጊዜ ተቀምጠው፣ ሰላሌን፣ ባሶንና የሲዳሞን ከፊል በየተራ ተሾሙ። በ1902 ዓ.ም. የአባታቸውን አገር ሐረርን ተረከቡ።

በሐረር ሳሉ ወጣቱ ደጃዝማች ያጋጠማቸው ጉዳይ ኋላ ዕድሜያቸውን ሙሉ የታገሉት ጉዳይ ነው። በደቡብና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከምኒልክ መስፋፋት በኋላ የተተከለው ሥርዓት የገባርና የነፍጠኛ ሥርዓት ነበር። ወታደሩ ደመወዙን ከመንግሥት ግምጃ ቤት አይቀበልም፤ በደመወዙ ፈንታ ገባር ይመራለታል። ገባሩም ግብሩን፣ ጉልበቱን፣ ማሩንና ማገዶውን ለተመራለት ሰው ያቀርባል። ባሌም በዚህ ሥርዓት ከተያዙት አገሮች አንዱ ነበር። የአርሲ ኦሮሞ አገር ተይዞ የወታደሩ ሰፈር ከተቆረቆረ በኋላ፣ ጎባ የደጋው ዋና የጦር ሰፈር ሆና ቆየች። የአገሬው ባላባት ሲሶ መሬት ይዞ በመንግሥትና በሕዝቡ መካከል እንዲቆም ተደረገ፤ የቀረው መሬት ለመንግሥትና መንግሥት ለሚሰጠው ሰው ሆነ።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ፣ ዘውዲቱ ምኒልክ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ መኰንን ደግሞ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ። ከዚያ እስከ ዘውድ ቀናቸው ድረስ የነበሩት አሥራ አራት ዓመታት ጥንቃቄ የበዛባቸው ዓመታት ነበሩ። በቤተ መንግሥቱ የአሮጌው ሥርዓት መኳንንት ብርቱዎች ስለነበሩ፣ እንደራሴው ያሰቡትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊያደርጉት አልቻሉም። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በዚያው ዓመት ባሪያ ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጣበት አዋጅ ወጣ። አዋጁ መልካም ቢሆንም የሚያስፈጽሙት ሹማምንት ራሳቸው ባሪያ ያላቸው ሰዎች ስለነበሩ፣ በዋና ከተማው የተነገረው ቃል በጠረፍ አገር በቶሎ አልተሰማም። የባርነት ሕጋዊ መሠረት ፈጽሞ የተሻረው ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣ ሌላ አዋጅ ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ደፉ። ዘጠኝ ወር ሳይሞላም፣ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው በጽሑፍ የተዘጋጀ ሕገ መንግሥት ታወጀ። ያ ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቁሟል፤ ሆኖም አባሎቻቸውን የሚመርጥ ሕዝብ አልነበረም፤ የመጨረሻውም ቃል የንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ዓላማው የየአገሩን ገዢ ከማእከላዊ መንግሥት በታች ማድረግ ስለሆነ፣ የሥልጣኑ መንገድ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ነበር።

ይህ ሥራ ሳይደላደል ጦርነት መጣ። በዚያን ጊዜ የባሌ ገዢ የንጉሠ ነገሥቱ የመጀመሪያ ልጅ የልዕልት ሮማነ ወርቅ ባለቤት ደጃዝማች በየነ መርዕድ ነበሩ። የባሌን ጦር ይዘው በኦጋዴን በኩል ተዋጉ፤ ከማይጨው ሽንፈት በኋላም እጃቸውን ሳይሰጡ ከራስ ደስታ ዳምጠው ጋር በደቡብ መዋጋታቸውን ቀጠሉ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. ሁለቱም በጣሊያኖች እጅ ወድቀው ተገደሉ። ልዕልት ሮማነ ወርቅም በምርኮ ተወስደው በጣሊያን አገር ሞቱ። ከባሌ ጋር የተያያዘው የንጉሠ ነገሥቱ ኀዘን እንግዲህ ከቤታቸውም የገባ ነበር።

ከነጋሪት ወደ ነጋሪት ጋዜጣ

ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ከጦርነቱ በፊት ይገዳደሯቸው ከነበሩት ታላላቅ መሳፍንትና መኳንንት ብዙዎቹ አልነበሩም። የጣሊያን ወረራ አገሪቱን ቢጐዳም አሮጌውን የየአገር ገዢዎች ኃይል አዳክሞት ነበር። ከጦርነቱ በፊት በእግር የሄደው ሥራ አሁን በፈረስ ሊሄድ ቻለ።

ቀድሞ አዋጅ ለሕዝብ የሚነገረው ነጋሪት እየተጐሰመ በገበያ ነበር። መጋቢት 21 ቀን 1934 ዓ.ም. ስሙን ከዚያው ከነጋሪቱ የወሰደው ነጋሪት ጋዜጣ ተቋቋመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕግ ማለት በዚህ ጋዜጣ የታተመ ጽሑፍ ሆነ። ሕጎቹም በየዓይነታቸው ስም ወጣላቸው፤ አዋጅ፣ ድንጋጌ፣ ትእዛዝና የሕግ ክፍል ማስታወቂያ ተባሉ። በጥር 1935 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮችን ሥልጣን የሚወስነው ትእዛዝ ቁጥር 1 የመንግሥቱን መሥሪያ ቤቶች ሥራ ለየ፤ የመንግሥትን ማኅተም መጠበቅና ሕጎችን ማሳተም የጽሕፈት ሚኒስትሩ ኃላፊነት ሆነ። በዚህ ቦታ እስከ 1947 ዓ.ም. የቆዩት ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ በዘመኑ ከንጉሠ ነገሥቱ ቀጥለው ብርቱ ሰው የተባሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ትእዛዝ የሚያልፍበትን በር የያዘ ሰው ሥልጣንን ይዟል። ኋላ ከዚህ ቦታ ተነሥተው የባሌ ጎረቤት የሆነውን የአርሲን ጠቅላይ ግዛት እንዲያስተዳድሩ ተላኩ።

ከእነዚያ ዓመታት ሕጎች ሁሉ ለገጠሩ አስተዳደር ዋናው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር አስተዳደር ድንጋጌ ቁጥር 1 ነው። በዚህ ድንጋጌ ገዢዎች የመንግሥት ደመወዝተኞች ሆኑ፤ ግብር ለራሳቸው መሰብሰባቸው ቀርቶ ገንዘቡ ለገንዘብ ሚኒስቴር እንዲገባ ተደረገ፤ አገሪቱም በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ተከፋፈለች። ይህ በወረቀት ላይ ትልቅ ለውጥ ነበር። የነፍጠኛውንና የገባሩን የቆየ ግንኙነት ከሥሩ የሚነካ ድንጋጌ ነውና። ሕጉ የገባሩን የጉልበት ግዴታ አስቀርቶ በገንዘብ ግብር ተካው።

ግብሩም እንደሚከተለው ተደለደለ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር፣ ለለም ጠፍ 10 ብር፣ ለጠፍ 5 ብር እንዲከፈል ወሰነ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው ሌላ አዋጅ ደግሞ በእህል ይከፈል የነበረውን አሥራት በገንዘብ ለውጦ በለም 35፣ በለም ጠፍ 30፣ በጠፍ 10 ብር ጨመረ። ጋሻው ወደ 40 ሄክታር የሚጠጋ ሲሆን፣ ለም የተባለው ጋሻ በጠቅላላው 50 ብር፣ ለም ጠፉ 40 ብር፣ ጠፉ 15 ብር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የትምህርትና የጤና ግብሮች ተከታትለው መጡ። አንድ መሬት ለም ነው ወይስ ጠፍ ነው የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የገበሬውን ኑሮ የሚወስን ጥያቄ ሆነ፤ ጥያቄውንም የሚመልሰው ንጉሠ ነገሥቱ ሳይሆን ለመለካትና ለመደልደል የተላከው ሹም ነበር።

ቀላድ በባሌ

በባሌ ደጋ ይህ ሕግ የተሰማው ቀላድ ሲጣል ነው። ከ1940ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የመሬት ልክ ሥራ በባሌ ሲስፋፋ፣ ቀድሞ በግምት ይገበርበት የነበረው መሬት በገመድ መለካት ጀመረ። የልኩ ሐሳብ በራሱ ስሕተት አልነበረውም። ሁሉም በያዘው መሬት መጠን እንዲከፍል ማድረግ የዘመናዊ መንግሥት ሥራ ነው። ይሁንና ለኪው፣ ደልዳዩና መዝጋቢው የሚሠሩት ከበላይ ተቆጣጣሪ በራቀ አገር ነበር። መደለያ የሰጠ ሰው መሬቱ ጠፍ ተብሎ ሲመዘገብለት፣ ያልሰጠው ወይም የሚሰጠው ያጣው ጠፉ ለም ሆኖበት ይገኛል። በልኩ ጊዜ ትርፍ ሆኖ የተገኘው መሬት የመንግሥት ይባላል። ግብሩን ለመክፈል ያልቻለውም ሰው መሬቱ እንደ መንግሥት መሬት ተቈጥሮ ይወሰድበታል።

እዚህ ላይ ሌላ ዓይነት ትእዛዝ ይገናኛል። ንጉሠ ነገሥቱ ከነፃነት በኋላ ለአርበኞች፣ ለስደተኞች፣ ለወታደሮችና ለመንግሥት ሠራተኞች ከመንግሥት መሬት እንዲሰጣቸው በተከታታይ አዝዘዋል። በ1945 ዓ.ም. የወጣው ትእዛዝም መሬት ለሌለው ኢትዮጵያዊ ግማሽ ጋሻ እንዲሰጠው ይፈቅዳል። ቃሉ ሲነበብ ለድኻው የወጣ ይመስላል። በተግባር ግን ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት እየተመላለሰ ማመልከቻውን ለመከታተል የሚችለው በአዲስ አበባ ዘመድ ያለው፣ ማንበብና መጻፍ የሚያውቀው፣ ደመወዝ የሚያገኘው ሰው ነበር። በዚህ ዓይነት አንድ ትእዛዝ በባሌ ገበሬ ላይ የጣለው ግብር መሬቱን ሲያስለቅቀው፣ ሌላው ትእዛዝ ያንኑ መሬት ለሩቅ ሰው ሰጠበት። ሁለቱ ሕጎች በአንድ ሰው ማሳ ላይ እንደሚገናኙ በጽሕፈት ሚኒስቴር ያሰበ አልነበረም።

የቋንቋውም ነገር መረሳት የለበትም። ነጋሪት ጋዜጣ የሚታተመው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነበር። የባሌ ገበሬ በአብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ፣ በቆላው በኩልም ሶማሊኛ ተናጋሪ ነው። ፍርድ ቤት ሲቀርብ አስተርጓሚ ያስፈልገው ነበር፤ የሚያስተረጉምለትም ሰው ብዙ ጊዜ ከባላጋራው ወገን ነው። ነጋሪቱ በገበያ ሲጐሰም ቢያንስ ሁሉም ይሰማው ነበር፤ ጋዜጣው ግን በአውራጃ መዝገብ ቤት ተቀመጠ።

በ1952 ዓ.ም. ባሌ ከሐረርጌ ተለይቶ ራሱን የቻለ ጠቅላይ ግዛት ሆነ፤ ጎባም ርእሰ ከተማው ሆነች። ከዋቤ ሸበሌ ወዲህ ያለው አገር ከሐረር ከተማ በጣም የራቀ በመሆኑ፣ ባለጉዳይ አቤቱታውን ለማቅረብ ብዙ ቀን ይጓዝ ነበር። አዲሱ ውሳኔ አስተዳደርን ለሕዝቡ አቀረበ። አስተዳደር ሲቀርብ ግን ግብር ሰብሳቢውም አብሮ ይቀርባል። ጎባ ላይ መሥሪያ ቤቶች ሲበዙ፣ ፍርድ ቤትና ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ የግብሩም ውዝፍ በየስሙ በዚያው መጠራት ጀመረ።

የንጉሠ ነገሥትና የፕሬዚዳንት ትእዛዝ

በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የዘውድ በዓሉ ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲከበር የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ በሕዝብ እንዲመረጥ ተወሰነ። ሆኖም አንቀጽ 27 የሚኒስቴሮችን አቋምና ሥልጣን የመወሰኑን መብት ለንጉሠ ነገሥቱ ሰጠ፤ አንቀጽ 92 ደግሞ ፓርላማው በማይሰበሰብበት ጊዜ አስቸኳይ ጉዳይ ሲያጋጥም በድንጋጌ ሕግ ለማውጣት ፈቀደላቸው። በእነዚህ ሁለት አንቀጾች ብዙ የመንግሥት ሥራ ተሠራ።

ይህን ሥልጣን ከሌላ አገር ጋር ማስተያየት ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። በአሜሪካም ፕሬዚዳንቱ የሚፈርመው ትእዛዝ የአገሪቱን ፖሊሲ የለወጠበት ጊዜ ብዙ ነው። አብርሃም ሊንከን በ1863 እ.ኤ.አ. ያወጣው አዋጅ በዐመፁት ግዛቶች ያሉትን ባሮች ነፃ አወጣ። ሃሪ ትሩማን በ1948 እ.ኤ.አ. በሰጠው ትእዛዝ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ የነበረው የዘር መለያየት እንዲቀር ሆነ። ነገር ግን ይኸው ትሩማን በ1952 እ.ኤ.አ. የብረት ፋብሪካዎችን በትእዛዝ በመንግሥት እጅ ሲያደርግ፣ ከሁለት ወር በኋላ የአገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት ትእዛዙን ሻረው። የፕሬዚዳንቱ ብዕር ከበላዩ ሕግና ዳኛ ነበረበት፤ ቅሬታ ያለውም ሰው የሚሄድበት ቦታ ነበረው። በኢትዮጵያ ግን ለትእዛዙ ቅሬታ የሚቀርበው ለራሱ ለአዛዡ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በየሳምንቱ አቤቱታ ይሰሙ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከባሌ ደጋ እስከ አዲስ አበባ ችሎት ለመድረስ ስንቅና ጊዜ ያለው ገበሬ ጥቂት ነው።

ትእዛዙ ሁሉን ቻይ እንዳልነበረም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ታይቷል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 43 አውራጃዎች የራሳቸውን አስተዳደር በከፊል እንዲያካሂዱ የሚፈቅድ ነበር። ሐሳቡ ብዙ ጊዜ ይነቀፍ የነበረውን የማእከላዊነት ችግር የሚያቃልል ነበር። ነገር ግን ገንዘብ የመፍቀድ ሥልጣን ያለው ፓርላማ፣ በውስጡም የመሬት ባለቤቶች የበዙበት፣ ሳይደግፈው ስለቀረ ትእዛዙ በወረቀት ላይ ቀረ። የባላባትንና የጭሰኛን ግንኙነት ለማሻሻል የተረቀቀውም ሕግ በዚያው ምክር ቤት ሳይጸድቅ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አለፈ። እንግዲህ ለግብር የወጣው ሕግ ከባሌ ሲደርስ፣ ለገበሬው መብት የታሰበው ሕግ ከአራት ኪሎ ሳይወጣ ቀረ።

ዐመፁና ምሕረቱ

በ1955 ዓ.ም. በኤል ከሬ አውራጃ ካሂን አብዲ የተባለ ሰው የመራው ዐመፅ ተነሣ። ወዲያው በደሎ በኩል ዋቆ ጉቱ ተከተለ፤ ዐመፁ በዋቤና በገናሌም ተስፋፋ። መንሥኤው አንድ አልነበረም። ግብርና የመሬት መነጠቅ፣ የሹማምንት በደል፣ የሃይማኖትና የቋንቋ መናቅ፣ ከወሰን ማዶም የሶማሊያ መንግሥት መሣሪያና ስብከት በአንድ ላይ ተቀላቅለዋል። የዘመኑ መንግሥት ጉዳዩን የውጭ ጠላት ሥራ ብቻ አድርጎ ለማየት ይወድ ነበር። ይሁንና ከወሰን ማዶ የመጣው ጠብመንጃ የሚያነሣው እጅ ያገኘው መሬቱን ያጣ ሰው ስለነበረ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በዐመፁ ላይ በመጀመሪያ የተጠቀሙት ጦር ሠራዊትን ነው። እግረኛ ጦር፣ ፖሊስና ነጭ ለባሽ ዘመተ፤ የጦር አውሮፕላንም ተሰማራ። በቆላውና በደጋው ጠርዝ መንደሮች ተቃጠሉ፤ ከብት አለቀ፤ ብዙ ሕዝብ ተሰደደ። ዓመታት ቢያልፉም ውጤቱ ቁርጥ ያለ አልነበረም። በኅዳር 1960 ዓ.ም. አሥራትን ሽሮ የእርሻ ገቢ ግብርን የተካው አዋጅ ሲወጣ ደግሞ በሌላው የአገሪቱ ክፍል፣ በጎጃም፣ ሌላ ዐመፅ ተነሣ። በጎጃም መንግሥት ወደ ኋላ አለ፤ ውዝፍ ግብር ተማረ፤ ገዢውም ተለወጠ። የባሌ ሰው ይህን ያህል ቶሎ አልተሰማም። ሁለቱን ጉዳዮች አጠገብ ለአጠገብ ያስተያየ የአስተዳደር ባለሙያ፣ አንድ ዓይነት ሕግ በሁለት አገር ሁለት ዓይነት ፍጻሜ እንዳገኘ ሊክድ አይችልም።

የመጨረሻው እልባት የተገኘው በድርድርና በምሕረት ነው። ከ1959 ዓ.ም. ወዲህ የሶማሊያ መንግሥት ከኢትዮጵያ ጋር መቀራረብ በመጀመሩ ለዐመፀኞቹ የሚሰጠው ርዳታ ቀነሰ። በመጋቢት 1962 ዓ.ም. ዋቆ ጉቱ እጁን ሰጠ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ማሩት። እስከ ዘመናቸው ፍጻሜም ሊገድሉት አልፈለጉም፤ ዋቆ ጉቱ ብዙ መንግሥታት ሲያልፉ ኖሮ በ1998 ዓ.ም. ናይሮቢ ሞተ። ምሕረቱ የንጉሠ ነገሥቱን የፖለቲካ ብልህነት ያሳያል። ነገር ግን ምሕረት ለሰው ነው የተሰጠው፤ ቀላዱ፣ የግብሩ ድልድልና የመሬቱ ስጦታ በነበሩበት ቀሩ። ሰባት ዓመት ደም የፈሰሰበት ጥያቄ ሰላም ሲወርድ መልስ ሳያገኝ ታለፈ።

ስለ ተራራው የወጣው ትእዛዝ

የንጉሠ ነገሥቱ ብዕር በባሌ የተወውን በጎ ነገር መዝለል ፍትሕ አይሆንም። በዚያው ሰላም በወረደበት ጊዜ ሌላ ዓይነት ሥራ ተጀመረ። በ1963 ዓ.ም. በትእዛዝ ቁጥር 65 የዱር አራዊት ጥበቃ ድርጅት ተቋቋመ። ቀደም ብሎ የአዋሽና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርኮች በ1961 እና በ1962 ዓ.ም. በወጡ ትእዛዞች ታውጀው ነበር። የባሌ ተራሮች ፓርክም በዚህ ጊዜ ተቋቁሞ ዲንሾ ላይ ዋና ሰፈሩን አደረገ። ፓርኩ ከ2,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ሲኖረው፣ የ4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱሉ ዲምቱን፣ የሳነቴን አምባና በስተደቡብ ያለውን የሐረና ደን ያቅፋል። ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙት ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ዋና መኖሪያቸው ይህ ነው። ዋቤ ሸበሌን፣ ወይብን፣ ገናሌንና ወልመልን ጨምሮ በቆላው የሚኖር ብዙ ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ ከእነዚህ ተራሮች ይነሣል።

ነገር ግን የአዋሽና የሰሜን ፓርኮች በየራሳቸው ትእዛዝ ወሰናቸው ሲታወጅ፣ የባሌው ፓርክ የራሱን ሕግ ሳያገኝ ከአርባ ዓመት በላይ ቆየ። ጠባቂዎች ነበሩት፤ ሥራውም ይካሄድ ነበር፤ ሕጋዊ ወሰኑ ግን በጋዜጣ አልወጣም። በዚህ መካከል እርሻው ወደ ላይ እየወጣ፣ ከብቱ በአምባው ላይ እየበዛ፣ ደኑ እየተመነጠረ ሄደ። ፓርኩ በደንብ ከተሰየመ በኋላ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። አንድ ትእዛዝ ሲዛነፍ የሚጐዳውን ያህል፣ ሳይወጣ ሲቀርም እንደሚጐዳ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ፍጻሜ

የንጉሠ ነገሥቱ የመጨረሻ ዓመታት በወሎ ድርቅ፣ በኑሮ ውድነትና በሠራዊቱ እንቅስቃሴ ተጨነቁ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ። ከዙፋናቸው ያወረዳቸውም እንደ እርሳቸው በነጋሪት ጋዜጣ የታተመ አዋጅ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በእስር እንዳሉ ሞቱ። ዐፅማቸው ከተደበቀበት ወጥቶ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ዐረፈ።

ከመሞታቸው ጥቂት ወራት በፊት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 31 ወጥቶ ነበር። በባሌ ደጋ ጭሰኝነት በአንድ ቀን ቀረ፤ በሩቅ ሰው ስም የተመዘገበው ጋሻ ለሚያርሰው ሆነ። ይህ ለብዙ ቤተሰብ የማይረሳ ቀን ነው። ሆኖም ትእዛዝ ከላይ የሚወርድበት መንገድ አልተለወጠም። ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ የባሌ ገበሬ በመንደር ምሥረታ ከቀዬው ሲነሣ፣ አሁንም ሐሳቡን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ዘውዱ ቀርቶ ፕሬዚዳንት ሲመጣና በ1979 ዓ.ም. አዲስ ሕገ መንግሥት ሲጸድቅም፣ ከምክር ቤት በፊት የሚደርሰው ልዩ ድንጋጌ አብሮ መጥቷል።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሕይወት ለሕግና ለአስተዳደር ባለሙያ የሚሰጠው ትምህርት እንግዲህ በሁለቱም ወገን ነው። በየአገሩ ተበታትኖ የነበረውን ሥልጣን ሰብስበው፣ በቃል የሚሄደውን ሕግ በጽሑፍ አስፍረው፣ ደመወዝተኛ ሹምና የሚቈጠር ግምጃ ቤት ያቆሙ እርሳቸው ናቸው። ዛሬ በሮቤና በጎባ ያለ ማንኛውም መሥሪያ ቤት የሚሠራበት የመዝገብ ሥርዓት መሠረቱ በዚያ ዘመን ተጥሏል። ይሁን እንጂ ትእዛዙን የሚያርም ዳኛ፣ የለኪውን እጅ የሚቆጣጠር ተቆጣጣሪ፣ ገበሬው በቋንቋው አቤት የሚልበት ችሎት ከትእዛዙ ጋር አብረው አልተላኩም።

ሮቤ ዛሬ የባሌ ዞን ርእሰ ከተማ ናት፤ በመጸውም ከከተማዋ ወደ ጎባ የሚወስደው መንገድ በስንዴ ማሳ መካከል ያልፋል። በዚያ ማሳ ላይ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የንጉሠ ነገሥት ቀላድ፣ የወታደራዊ መንግሥት አዋጅና የመንደር ምሥረታ ትእዛዝ ተከታትለው አልፈዋል። ነገም ሌላ ትእዛዝ መምጣቱ አይቀርም። የሚያረቅቀው፣ የሚተረጕመውና የሚያስፈጽመው ባለሙያ በቀላድ የደረሰውን ካስታወሰ፣ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ማሳውንና ባለ ማሳውን ሄዶ ያያል።